በጅማ ውሎዎ ውስጥ የዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ እንዴት እንደሚማሩ

መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚሸመድድ ሰው ብዙ ሳይቆይ ይተወዋል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ያጠናቸውን ቃላት በዚያው ቀን የሚናገርበት ቦታ ስለሌለው ነው። ሂርማታ ገበያ ቡና የሚሸጥ፣ ባጃጅ የሚነዳና በእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ ሰው የሚያስፈልጋቸው ንግግር ለየቅል ነው። ስለዚህ መነሻው የራስዎ ውሎ ይሁን።

1. የሚናገሩትን በአማርኛ ይመዝግቡ

አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይግዙ። ለአንድ ቀን ሙሉ ከአፍዎ የወጣውን አጫጭር ንግግር ሁሉ በአማርኛ ይጻፉ፦ «ሂሳብ ስንት ነው?»፣ «ዝርዝር አለህ?»፣ «ወራጅ አለ»፣ «ትንሽ ቀንሱልኝ»። ማታ ላይ ደጋግመው ያሉትን 20 ብቻ መርጠው ሌላውን ይሰርዙ። ለእያንዳንዱ ቦታ (ለገበያ፣ ለሐኪም ቤት፣ ለመንገድ) የራሱን ገጽ ይስጡት፤ ሲፈልጉት በቀላሉ ያገኙታል።

2. ቃሉን ሳይሆን ሙሉውን ንግግር ይተርጉሙ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ዝርዝር አለህ?» የሚለውን በቃል በቃል ከፈቱት መዝገበ ቃላቱ «ሊስት» ይልዎታል፤ ባለሱቁ ደግሞ የምን መዝገብ እንደሚጠይቁት ግራ ይገባዋል። ትክክሉ «ዱ ዩ ሃቭ ቼንጅ?» ነው። «መልሴን ስጠኝ» ሲሉም «አንሰር» አይሆንም፤ እሱ የጥያቄ መልስ ነው። እንግሊዝኛው ለዝርዝርም ለመልስም «ቼንጅ» ይላል። ፎቶም በእንግሊዝኛ አይነሳም፣ ይወሰዳል፦ «ኩድ ዩ ቴክ ኤ ፎቶ ኦፍ ሚ?»። ሬዲዮም አይከፈትም፦ «ተርን ኦን ዘ ሬዲዮ»። ጉንፋንም ሰውን አይዝም፤ ሰውየው ነው ጉንፋን ያለው፦ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ»። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ነጠላ ቃል አይጻፉ፤ ሁልጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን።

የለመድናቸው የውጭ ቃላትም ያሳስታሉ፤ ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የመጡ እንጂ እንግሊዝኛ አይደሉም። ፋብሪካ «ፋክተሪ» ነው፤ «ፋብሪክ» ካሉ ጨርቅ ይሆናል። ላፒስ «ኢሬዘር»፣ የደብዳቤ ፖስታ ደግሞ «ኢንቨሎፕ» ነው።

3. አክብሮቱን በሌላ መንገድ ያስገቡ

አማርኛ አክብሮትን የሚያስቀምጠው ግሡ ላይ ነው፤ «ስጠኝ» እና «ይስጡኝ» ልዩነታቸው ወዲያው ይሰማል። እንግሊዝኛ ለአንተም ለእርስዎም ያለው አንድ «ዩ» ብቻ ስለሆነ፣ ትሕትናው የሚገባው በአጠያየቁ ነው። «ጊቭ ሚ ኮፊ» ትእዛዝ ይመስላል፤ «ፕሊዝ» ቢጨመርበትም ጥንካሬው ብዙ አይለዝብም። «ካን አይ ሃቭ ኤ ኮፊ፣ ፕሊዝ?» ይበሉ። «ይቅርታ»ም በሦስት ይከፈላል፦ ለማለፍ ወይም ሰው ለመጥራት «ኤክስኪውዝ ሚ»፣ እግር ከረገጡ በኋላ «ሶሪ»፣ ያልሰሙትን ለማስደገም ድምፅን ከፍ አድርጎ «ሶሪ?» ወይም «ፓርደን?»።

4. ድምፁን በጆሮ ይያዙ

በጅማ አካባቢ አፋን ኦሮሞን በቁቤ ያነበበ ሰው የላቲን ፊደሉን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ችግሩ አንዳንዶቹ ፊደላት በሁለቱ ቋንቋዎች ድምፃቸው መለያየቱ ነው። በቁቤ «ሲ» የጭ፣ «ኤክስ» የጥ፣ «ኪው» የቅ ድምፅ አላቸው። «ኮፊ» በእንግሊዝኛ የሚጀምረው በዚያው በ«ሲ» ነው፤ በቁቤ ሕግ ካነበቡት ግን በጭ ይጀምራል። የተደረበ «ኦ»ም በቁቤ ረዥም ኦ ሲሆን በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ኡ ነው፣ ለምሳሌ «ፉድ»።

አጠራሩን በግእዝ ፊደል መጻፍ ለመነሻ ይረዳል፤ ፊደላችን ግን የእንግሊዝኛን አጭርና ረዥም አናባቢ አይለይም። መርከብም በግም «ሺፕ» ተብለው ይጻፋሉ፤ የበጉ ረዥም ስለሆነ «ሺ—ፕ» እያሉ በሰረዝ ይለዩት። «ቲ» እና «ኤች» ተከታትለው ሲመጡ የምላስዎን ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መሀል ያድርጉና ትንፋሽ ያውጡ። በጥርስዎ ዘግተው ስ ካሉት «አስባለሁ» ያሉት «እሰምጣለሁ» ይሆናል። ሌላው «እስኩል»፣ «እስፖርት» እያሉ ፊት ላይ እ መጨመር ነው፤ «ስስስስ—ኩል» እያሉ ከስ በቀጥታ ይነሱ። ራስዎን በስልክ ቀድተው ከአስተማሪ ድምፅ ጋር ያወዳድሩ። ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ የሚያወጣቸው የ6 ደቂቃ ዝግጅቶች በነፃ ስለሚገኙ ዋይፋይ ባለበት ያውርዷቸው።

5. በቀን 5፣ ከዚያም ክለሳ

የካርቶን ቁራጭ ይውሰዱ፤ በአንድ ወገን አማርኛውን፣ በጀርባው እንግሊዝኛውን ይጻፉ። በቀን 5 ብቻ ያውጡ። 20 ከጀመሩ በሳምንቱ የሚከለሰው ክምር ያሸንፍዎታል። ክለሳው በዚያው ማታ፣ በማግስቱ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ30ኛው ቀን ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ እንዳሳየው አዲስ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት ይረሳል፣ ከዚያ በኋላ ግን አረሳሱ ይዘገያል፤ ቀኖቹ መጀመሪያ ላይ የተቀራረቡትም ለዚሁ ነው። የተሳሳቱት ካርድ ወደ መጀመሪያው ቀን ይመለሳል።

አማርኛውን አይተው እንግሊዝኛውን ጮክ ብለው ይናገሩ እንጂ በተቃራኒው አያድርጉት። እንግሊዝኛውን አይቶ «አውቀዋለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ ሰው ፊት ሲቆሙ ግን ቃሉ አይመጣም።

6. ሰዓቱን ያስተካክሉ

«አውቶቡሱ 11 ሰዓት ሌሊት ይነሳል» የሚለውን እንግዳው ሳይስተካከል ከሰማው መኪናው ያመልጠዋል። ከ6 በላይ ከሆነ 6 ይቀንሱ፣ 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 6 ይጨምሩ፦ 11 ሰዓት ሌሊት «ፋይቭ ኤኤም» ነው፣ 2 ሰዓት ጠዋት ደግሞ «ኤይት ኤኤም»።

7. ቡና ላይ ይናገሩት

ባጃጅ ነጂው «ሃው ፋር ኢዝ ዘ ፓላስ?» ሲባል፣ ወደ ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከሆነ «አባውት ሰቨን ኪሎሜተርስ» ብሎ ይመልሳል። ለቤት ልምምድ ግን ከቡና ሥርዓት የተሻለ የለም፤ ንግግሩ አጭር ነው፣ ደግሞም ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። «ውድ ዩ ላይክ ሰም ኮፊ?»፣ «ዊዝ ሹገር ኦር ዊዝአውት?»። አቦል፣ ቶናና በረካን እንግሊዝኛ አይፈልጉላቸው፤ ስሙን ጠርተው ያስረዱ፦ «ዘ ፈርስት ራውንድ ኢዝ ኮልድ አቦል»። እንግዳው «ኖ፣ ሳንክስ» ካለ ብዙውን ጊዜ እንደኛ ይሉኝታ ይዞት አይደለም። አንዴ «አር ዩ ሹር?» ብለው ይጠይቁት፤ «የስ» ካለ አይፈልግም ማለት ነውና ስኒውን ያንሱ።