የግራብ ሜኑ አልታይ ሲል፦ እንደ አዲስ ከመጫናችሁ በፊት

ግራብ ኮምፒውተር ሲበራ የትኛው ሲስተም (ሊኑክስ ወይስ ዊንዶውስ) እንደሚከፈት በሜኑ የሚያስመርጥ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስና ዊንዶውስ አብረው የተጫኑባቸውን ላፕቶፖች እጠግናለሁ። በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሜኑው ስላልታየ ብቻ ዲስኩ በሙሉ ተደምስሶ እንደ አዲስ የተጫነ ማሽን ሲመጣልኝ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የልጆች ፎቶ፣ የሱቅ ሒሳብ በከንቱ ይጠፋል። ግራብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቦታው ላይ ነው። ወይ ተደብቋል፣ ወይ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አልፎት ሄዷል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለዩ። ማሽኑ ሜኑ ሳያሳይ በቀጥታ ኡቡንቱን (የሊኑክስ ዓይነት ነው) ከከፈተ ግራብ እየሠራ ነው። በቀጥታ ዊንዶውስን ከከፈተ የመነሻ ቅደም ተከተሉ ተለውጧል ማለት ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ «ግራብ ሬስኪው» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ደግሞ ግራብ ተነሥቷል፤ የራሱን ፋይሎች ግን አላገኘም።

የመጀመሪያው ብልሽት አይደለም። ኡቡንቱ በዲስኩ ላይ ሌላ ሲስተም ካላገኘ ሜኑውን ሆን ብሎ ይደብቃል፤ የመጠበቂያ ጊዜውንም ዜሮ ያደርገዋል። ለአንድ ጊዜ ብቻ ለማየት፣ በዩኢኤፍአይ (በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ ያለው የቦርዱ መነሻ ፕሮግራም) የሚነሣ ማሽን ከሆነ የአምራቹ ዓርማ እንደታየ ኢስኬፕን አንድ ጊዜ ንኩ። በአሮጌው ባዮስ የሚነሣ ከሆነ ሺፍትን ተጭናችሁ ያዙ። ኢስኬፕን ደጋግሞ መምታት ሜኑውን አሳልፎ ባዶ የትዕዛዝ መስመር ላይ ይጥላችኋል። ይህ ከደረሰ አትደንግጡ፤ «ኖርማል» ብላችሁ በላቲን ፊደል ጻፉ፣ ኢንተር ተጫኑ፣ ወዲያው ኢስኬፕን አንዴ ንኩ።

ሜኑው ሁልጊዜ እንዲታይ ከፈለጋችሁ «ኢቲሲ» ውስጥ «ዲፎልት» በሚባለው ፎልደር ያለውን «ግራብ» የተባለ ፋይል ተርሚናል ላይ በሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጥ ትዕዛዝ) እና በናኖ (የጽሑፍ ማረሚያ) ክፈቱ። «ግራብ ታይምአውት ስታይል» በሚለው መስመር «ሂድን» የሚለውን ወደ «ሜኑ» ቀይሩ። «ግራብ ታይምአውት» የሚለውን ከ0 ወደ 10 ከፍ አድርጉ። ካስቀመጣችሁ በኋላ «አፕዴት-ግራብ» የሚለውን ትዕዛዝ በሱዶ ማስኬድ ግድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ግራብ ሲነሣ የሚያነበው ያስተካከላችሁትን ፋይል ሳይሆን ከእሱ የሚመነጨውን ሌላ ፋይል ነውና ትዕዛዙ ካልሄደ ምንም አይለወጥም።

እዚያው ፋይል ላይ ሳላችሁ ሁለት ነገር ተመልከቱ። ሜኑው እየታየ ዊንዶውስ ብቻ ከጎደለ ምክንያቱ ኦኤስ ፕሮበር ነው። በ2021 ከወጣው ግራብ 2.06 ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገው ይህ ፕሮግራም ተዘግቶ ነው የሚመጣው። «ግራብ ዲስኤብል ኦኤስ ፕሮበር» የሚለውን መስመር «ፎልስ» አድርጉት፤ መስመሩ ከሌለ ጨምሩት። ሁለተኛው፣ ሜኑው ሊወጣ በሚገባው ሰዓት ስክሪኑ ጨልሞ የሚቆይ ከሆነ ነው። መጀመሪያ የውጭውን ስክሪን ንቀሉ፤ ሜኑው እዚያ እየታየ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ «ግራብ ተርሚናል» የሚለውን መስመር «ኮንሶል» በማድረግ ያለ ግራፊክስ እንዲታይ አድርጉ።

ማሽኑ ሁልጊዜ ዊንዶውስን የሚከፍት ከሆነ ግን ይህ ፋይል አይጠቅማችሁም። የዩኢኤፍአይ ቦርድ የሚነሡትን ሲስተሞች ዝርዝር በራሱ ሜሞሪ ይይዛል፤ የዊንዶውስ ዝማኔ ራሱን ከፊት ሊያስቀምጥ ይችላል። ስታበሩ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት ተጭናችሁ ወደ ቦርዱ ማስተካከያ ግቡና ኡቡንቱን ከላይ አድርጉት። ቆየት ባለ ማሽን ላይ ሰዓቱና ቀኑ ባጠፋችሁ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የቦርዱ ትንሿ ባትሪ አልቃለች። እሷ ካልተቀየረች ያስተካከላችሁት ቅደም ተከተል ሊጠፋ ይችላል፤ ሰው ሶፍትዌሩን ሲነካካ ይውላል፣ መፍትሔው ግን አንዲት ባትሪ ናት።

ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ፕሮግራም እንዳይነሣ የሚከለክለውን የቦርዱን ጥበቃ) ለመንካት ከተገደዳችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ አስቀድማችሁ ዊንዶውሱ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ። ከተቆለፈ 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት ያዙ። ያለ እሱ የዊንዶውሱ ፋይሎች ሊቀሩባችሁ ይችላሉ።

ኡቡንቱ ከቦርዱ ዝርዝር ጨርሶ ከጠፋ ወይም «ግራብ ሬስኪው» ከመጣ ግራብን ብቻ መልሳችሁ ትጭናላችሁ፤ ፋይሎቻችሁ አይነኩም። የኡቡንቱ መጫኛ ፍላሽ አስነሥታችሁ ሳትጭኑ «ትራይ ኡቡንቱ» የሚለውን ምረጡ። ፍላሹ የተነሣው ዲስኩ ላይ ያለው ሲስተም በሚነሣበት መንገድ መሆን አለበት። «ሲስ» ውስጥ ባለው «ፈርምዌር» ፎልደር «ኢኤፍአይ» የሚባል ካገኛችሁ በዩኢኤፍአይ ተነሥቷል፤ ካላገኛችሁ በባዮስ ነው።

የሚከተለው ለዩኢኤፍአይ ነው። «ኤልኤስቢኤልኬ» ብላችሁ፣ ከሰረዝ ጋር «ኤፍ» ጨምራችሁ የዲስኩን ክፍሎች ከነዓይነታቸው እዩ። ኤክስት4 የሆነው ትልቁ ክፍል የኡቡንቱ ነው፤ ፋት32 የሆነውና ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜጋባይት የማይበልጠው የመነሻው ክፍል ነው። ይህን ትንሹን ክፍል በምንም ምክንያት ፎርማት አታድርጉ፤ የዊንዶውስም መነሻ እዚያው ነው ያለው። ትልቁን «ኤምኤንቲ» ላይ፣ ትንሹን በእሱ ውስጥ «ቡት» ሥር ባለው «ኢኤፍአይ» ላይ በ«ማውንት» አገናኙ። «ዴቭ»፣ «ፕሮክ»፣ «ሲስ» እና «ረን» የሚባሉትን ፎልደሮች በ«ባይንድ» አማራጭ እዚያው አስገቡ፤ ከ«ሲስ» ሥር ያለው «ኢኤፍአይቫርስ»ም አብሮ መግባት አለበት። ከዚያ በ«ሲኤችሩት» ዲስኩ ላይ ወዳለው ኡቡንቱ ውስጥ ግቡና በመጀመሪያ «ግራብ-ኢንስቶል»፣ ቀጥሎ «አፕዴት-ግራብ» አስኪዱ። የመጀመሪያው ትዕዛዝ ስሕተት እንዳልተገኘ ካልነገራችሁ ማሽኑን አታጥፉት፤ ብዙ ጊዜ ትንሹ ክፍል ቦታው ላይ ስላልተገናኘ ነውና ተመልሳችሁ እዩት። ሁለቱም በሰላም ካለቁ «ኤግዚት» ብላችሁ ውጡ፣ ፍላሹን ንቀሉና ማሽኑን እንደገና አስነሡ።