መኪና በብድር ከመግዛታችሁ በፊት ለ11 ወር ለራሳችሁ ክፈሉ

ከአምስት ወር በፊት ታናሽ ወንድሜ ደወለልኝ። «መኪና ላወጣ ነው» አለኝ። ደስታው ከድምፁ ያስታውቃል። «ዋጋው ስንት ነው?» ስለው የነገረኝ በወር የሚከፍለውን ነው። የመኪናውን ዋጋ አልጠራም። ያኔ ሆዴ ባር ባር አለ። እኔም የመጀመሪያ መኪናዬን ስገዛ የማውቀው ቁጥር ያንኑ ብቻ ነበር። «ምንም ሳትፈርም ደብተር ይዘህ ና» አልኩት።

ያን ቀን ለእሱ ያሳየሁትን ነው እዚህ የምጽፈው። ስሌቱ እንዲቀለን የመኪናዬን ዋጋ 1,000,000 እንበለው። እናንተ በምትገበያዩበት ገንዘብ አስቡት።

አዲስ መኪና ነበር። ቅድመ ክፍያ የለውም፣ ብድሩ 7 ዓመት፣ ወለዱ በዓመት 15 በመቶ። በወር 19,300 ገደማ እከፍላለሁ። ደመወዜ ይችለዋል፤ ስለዚህ አቅሜ ነው ብዬ ፈረምኩ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሥራ ቀየርኩ። ገቢዬ ቀነሰና መኪናውን መሸጥ ግድ ሆነ። አንድም ወር ሳላሳልፍ 24 ጊዜ ከፍዬ ነበር፤ በድምሩ 463,000 ገደማ። ግማሹን ልጨርስ ምንም አልቀረኝም ብዬ ነበር የማስበው። ቀሪ እዳዬን ስጠይቅ 811,000 ነው አሉኝ። ለመኪናው የተገኘው ዋጋ ደግሞ 680,000። የጎደለውን 131,000 ከዘመድ ተበድሬ ሞላሁ። መኪናው ሄደ፣ እዳ ግን ቀረኝ።

ማንም አላጭበረበረኝም። ውሉ ላይ ሁሉም ተጽፏል። እኔ ያላየሁት ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን እየሄዱ መሆናቸውን ነው።

አንዱ ወለዱ ነው። በዓመት 15 በመቶ ማለት በወር 1.25 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ወር እዳዬ 1,000,000 ስለነበር ወለዱ ብቻ 12,500 ይመጣል። ከከፈልኩት 19,300 ውስጥ ዋናውን እዳ የነካው 6,800 ብቻ ነው። በየወሩ የወለዱ ድርሻ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ብድሩ ረጅም ሲሆን ግን ቅናሹ በጣም ዘገምተኛ ነው። ከ24 ክፍያዎቼ 274,000 ያህሉ ለወለድ ሄዷል።

ሌላው የመኪናው እርጅና ነው። አዲስ መኪና በአንደኛው ዓመት ከዋጋው 15 ወይም 20 በመቶ ያህሉን ማጣቱ የተለመደ ነው። ምንም ባይጋጭ፣ ብዙም ባይነዳ፣ ሁለተኛው ገዢ «ያገለገለ» ብሎ ነው የሚገምተው። ከዚያ በኋላ ቅናሹ እየረገበ ይመጣል። የእኔው በአንደኛው ዓመት 200,000፣ በሁለተኛው 120,000 ወረደ። ኪሎ ሜትሩ ሲበዛ፣ የግጭት ታሪክ ሲኖረው፣ መለዋወጫው እንደልብ የማይገኝ ሲሆን ይብስበታል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ የባትሪው ጤንነት አለ። ርቆ የሚሄድ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር የድሮው ዋጋ ይመታል።

«እኛ ጋ መኪና ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የዋጋ ንረት ባለበትና መኪና እንደልብ በማይገባበት ቦታ እውነት አላቸው፤ ያገለገለ መኪና ከተገዛበት በላይ ሊሸጥ ይችላል። ግን የሸጣችሁበትን ይዛችሁ ያንኑ ሞዴል አዲሱን ለመግዛት ሞክሩ። ስንት እንደሚጎድላችሁ ስታዩ እርጅናው ቁልጭ ብሎ ይታያል። መኪናው አርጅቷል፣ ገንዘቡ ደግሞ ከእሱ በላይ ረክሷል። እንዲህ ባለ ቦታ ወለዱ የማይቀያየርና ከዋጋ ንረቱ ያነሰ ብድር ካገኛችሁ፣ መበደሩ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ከመቀመጥ ሊሻል ይችላል። ወለዱ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ይህን ሒሳብ አትመኑት።

እንግዲህ ደብተሩን አውጡ። ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ በኩል በየዓመቱ መጨረሻ የሚቀረውን እዳ፣ በሌላው በኩል በዚያው ቀን መኪናው የሚያወጣውን ዋጋ ጻፉ። የእዳውን ዝርዝር አበዳሪው በወር በወር አውጥቶ ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ሳታዩት አትፈርሙ። የዋጋውን ግምት ለማግኘት ያንኑ ሞዴል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዓመት ያገለገለውን ሰው ስንት እየሸጠው እንደሆነ ጠይቁ። ሻጩ የሚጠራውን ሳይሆን የተሸጠበትን። ደላሎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። እዳው ከዋጋው በልጦ የሚቆይበትን ጊዜ ክበቡበት። በዚያ ጊዜ ሥራ ብታጡ፣ ብትታመሙ፣ መሸጥ ብትፈልጉ መውጫ የላችሁም። መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም እንኳ መድን ድርጅቱ የሚከፍለው በዕለቱ የገበያ ዋጋ ነው፤ ቀሪ እዳችሁ ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም። ልዩነቱን የሚሸፍን ተጨማሪ መድን የሚሸጥበት ቦታ አለ፤ ለተከበቡት ዓመታት ብቻ ግዙት።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ለወንድሜ አፉን ያስከፈተው። ያንኑ መኪና 20 በመቶ ቅድመ ክፍያ ከፍዬ፣ ቀሪውን 800,000 በ5 ዓመት ብበደር ኖሮ ወርሃዊ ክፍያዬ 19,000 ገደማ ነበር። ያው ነው። ከኪሴ በወር የሚወጣው አልተለወጠም። ሁለት ዓመት ቆይቼ ብሸጠው ግን ቀሪ እዳዬ 549,000 ይሆን ነበር። መኪናው 680,000 ያወጣል። 131,000 በእጄ ይዤ እወጣለሁ። ከዘመድ የተበደርኩት ስንት ነበር? 131,000።

ልዩነቱን ያመጣው 200,000 ቅድመ ክፍያ ነው። እሱም በወር 19,000 ቢጠራቀም 11 ወር አይሞላም።

«ታዲያ እስከዚያ በምን ልሂድ?» አለኝ ወንድሜ።

«እስከ ዛሬ በምትሄድበት» አልኩት።

ዘዴው ይኸው ነው። ብድሩን የተበደራችሁ ያህል አስቡና ወርሃዊ ክፍያውን በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ወደ ሌላ ሒሳብ አስገቡ። ለመድን፣ ለጥገና እና ለነዳጅ ወይም ለቻርጅ የሚሄደውንም ጨምሩበት፤ ከወርሃዊ ክፍያው ሌላ ናቸውና። በሦስተኛው ወር መተንፈስ ካቃታችሁ እውነቱን ያለ ቅጣት አወቃችሁ ማለት ነው። ካልከበዳችሁ ደግሞ ቅድመ ክፍያችሁ ተጠራቀመ። ዋጋው በየወሩ በሚዘልበት ገበያ 11 ወር መጠበቅ ሊያስከፍል ይችላል፤ እዚያ እንኳ ሦስቱን ወር አትዝለሉ።

የብድሩን ዘመን በተመለከተ ከ5 ዓመት አትለፉ ነው የምለው። ያው 800,000 በ3 ዓመት ወለዱ 198,000፣ በ5 ዓመት 342,000፣ በ7 ዓመት 497,000 ገደማ ይሆናል። በ7 ዓመት ብቻ የሚቻል መኪና የእናንተ መኪና አይደለም።

አበዳሪው ዘንድ ስትሄዱ አጥብቃችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ ነው። እየቀነሰ በሚሄደው ቀሪ እዳ ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በተበደራችሁት ሙሉ ገንዘብ ላይ? ሁለቱም «15 በመቶ» ይባላሉ። በሁለተኛው መንገድ 800,000 ለ5 ዓመት ስትበደሩ ወለዱ 600,000 ነው፤ በወር 23,333። እየቀነሰ በሚሄድ እዳ ላይ ወደሚታሰበው ሲመነዘር 25 በመቶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ወለድ ነው። የአገልግሎት ክፍያውንና የግዴታ መድኑን ደምሩበት። ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለውም ጠይቁ። ከወለድ ነፃ በሆነው መንገድም ቢሆን ከዋናው ዋጋ በላይ የተጨመረው ትርፍ ስንት እንደሆነ ታይቶ በዚያው ደብተር ይመዘናል። «ወለድ የለውም» የሚል የሻጭ ማስታወቂያ ስታዩ በጥሬ ገንዘብ ብከፍል ስንት ትቀንሱልኛላችሁ በሉ። የሚቀንሱት ገንዘብ ካለ ወለዱ እሱ ነው።

ጥሬ ገንዘቡ ያላችሁ ሰዎችስ? ቁጠባችሁ የሚያመጣው ወለድ ከብድሩ ካነሰ በጥሬው መግዛት ይሻላል። ግን የስድስት ወር ወጪያችሁን ሳታስቀሩ ሒሳባችሁን ባዶ አታድርጉ። መኪናው ሠርቶ የሚያስገባ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ የሚያስገባው ክፍያውንም እርጅናውንም ከሸፈነ ብድር ሥራ ነው። ለሽርሽርና ለታይታ ግን ከራሴ አይቼ እላችኋለሁ፣ አይሁን።

ሦስት ዓመት ያገለገለ መኪናም አስቡ። የእኔ ዓይነቱ በሦስት ዓመቱ 580,000 ገደማ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሚያጣው ከ90,000 አይበልጥም፤ አዲሱ 200,000 ባጣበት። ላገለገለ መኪና የሚጠየቀው ወለድ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ለሚያስመረምሩት መካኒክም መክፈል አለ። በደብተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ያሸንፋል።

ወንድሜ አራት ወር ከፍሏል። በሦስተኛው ወር ግማሹን ብቻ ነው ያስገባው፤ አቃተው። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ይዞ መጣ። 1,000,000 የሚለውን ሰርዞ 600,000 ጽፏል። ያገለገለ ነው፣ የሚሰጡት ወለድ ያው 15 በመቶ ነው፣ በወር 11,400። ቅድመ ክፍያው 120,000 ነው። እስካሁን 66,500 አለው፤ በአዲሱ ክፍያ አምስት ወር ይቀረዋል።