ወደ ውጭ አገር በረሃ በእግርና በግመል ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለጎጃም ሰው በረሃ ሲባል ቀድሞ የሚታየው የአባይ በረሃ ነው። ሌላው በረሃ በስንክሳር ሲነበብ የሰማነው፣ እነ አባ እንጦንስና አባ መቃርስ የመነኑበት የግብፅ ምድር ነው። ጸጥታ ፍለጋ ወደ ሲና ወይም ወደ ዮርዳኖሱ ዋዲ ሩም የሚወጣ ተጓዥ ሁለቱንም በልቡ ይዞ ይሄዳል። ስህተቱም ብዙ ጊዜ ከዚያው ይጀምራል።

የመጀመሪያው ስህተት ሙቀቱን በአባይ በረሃ መለካት ነው። አባይ ሲወርዱ ላብ ልብስ ያርሳል፤ ሰውነት ውሃ እያጣ መሆኑ ይታያል። በደረቁ በረሃ ግን ላቡ ቆዳ ላይ ሳይታይ ይተናል። ስለዚህ «አላላበኝም» ብሎ ውሃ መቀነስ አደገኛ ነው። በቀዝቃዛው ወራት ለሚራመድ ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን 4 እስከ 5 ሊትር፣ ለምግብ ማብሰያ ደግሞ 2 ሊትር ያስቡ። ውሃውን በአንድ ትልቅ ጀሪካን አያድርጉት፤ አንዱ ቢያፈስ ሌላው እንዲተርፍ በሦስት በአራት ይከፋፍሉት። ከደጋ የወጣ ሰውነት ሙቀት እስኪለምድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት የእግር መንገድ በግማሽ ያሳጥሩ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ ብዙዎች የማይጠረጥሩት ሌላ ስህተት አለ፤ ጨው ሳይወስዱ ውሃ ብቻ ደጋግሞ መጠጣት። በደም ውስጥ ያለው ጨው ሲቀንስ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሐሳብም ይደናገራል። ምልክቱ ከውሃ ጥም ጋር ስለሚመሳሰል ሰውየው ይበልጥ ይጠጣል፣ ይብስበታል። ብዙ ባላበበት ቀን አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄት) በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው ቀስ እያሉ ይጠጡ። ከስንቅ በሶን የሚያህል የለም። እሳት አይፈልግም፣ ሲበጠብጡት ውሃውንም ጨውንም አብሮ ያስገባል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ጥሩ ናቸው፤ ግን ደረቅ ስለሆኑ ውሃ በቀነሰበት ሰዓት ባይነኳቸው ይሻላል።

ሁለተኛው ችኮላ ነው። ገበያ ደርሶ መልስ የለመደ እግር በቀን 30 ኪሎ ሜትር አይከብደውም፤ አሸዋ ላይ ግን እግር እየሰመጠ ጉልበት ይጨርሳል። ጭነት የያዘ ግመል በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በእሱ ልክ ተራምዶ በቀን 15 ኪሎ ሜትር በቂ ነው። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው እስከ ረፋድ ይሂዱ፤ ቀትሩን በቋጥኝ ጥላ ሥር ይረፉ፤ ጥላ ሲረዝም እንደገና ይነሡ። ከመሪው ጋር ሲቀጣጠሩ በሰዓት ቁጥር አይግባቡ፤ የእኛ 12 ሰዓት ለእነሱ 6 ሰዓት ነውና «ፀሐይ ስትወጣ» ማለት ይሻላል። ጉዞውን ከተቻለ 7 ቀን ያድርጉት። ሱባኤ ገብቶ የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐሳብ በመሰብሰብ ብቻ እንደሚያልቁ አይጠፋውም፤ የሁለት ቀን የበረሃ ጉዞ ልብ ገና ሳያርፍ ያልቃል።

ሌሊቱን መናቅም አለ። የሲና ተራራ ጫፍ 2,285 ሜትር ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ከተማ ዝቅ ይላል። ሆኖም በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ አንዳንዴም በረዶ ይጥላል። ጋቢ ለእሳት ዳር ይሆናል እንጂ ብቻውን አያስተኛም፤ ከዜሮ በታች የሚችል የመኝታ ከረጢትና ከመሬት የሚለይ ፍራሽ ያስፈልጋል። ነጠላ ግን ቀን ቀን ወደር የለውም፤ ራስና ፊት ላይ ሲጠመጠም ፀሐይም አሸዋም ይከላከላል።

ከሁሉ የሚጎዳው ስህተት ብቸኝነትን ከሰው መሸሽ አድርጎ መያዝ ነው። በግዕዝ ገዳም ማለት ምድረ በዳም ነው፤ በዚያ ምድረ በዳ የመነኑት አባቶችም ብዙዎቹ የየራሳቸው በዓት ነበራቸው፣ ለጸሎት ግን ይሰበሰቡ ነበር። የበደዊን (የበረሃው ዘላን አረብ) መሪዎን እንደ ጫኝ ብቻ አይዩት። ከመነሣት በፊት ዋጋው ግመልን፣ ውሃን፣ ምግብንና የመግቢያ ክፍያን ማካተቱን ይጨርሱ፤ ከዚያ ወዲያ የገንዘብ ወሬ ጨዋታ ያበላሻል። ቡናቸው በትንሽ ሲኒ ይቀርባል፤ በቀኝ እጅ ይቀበሉ። አቦል ቶና በረካ እንደሚያልቀው በራሱ አያልቅም፤ በቃኝ ለማለት ሲኒውን ነቅነቅ አድርገው ይመልሳሉ። መሪው ሲሰግድ ከፊቱ አይለፉ፤ ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሡ። የሚጾሙ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት፤ በግብፅ የጾም ምግብ «ሲያሚ» ይባላል። በፍም ሥር የሚጋግሩት ቂጣ ዱቄት፣ ውሃና ጨው ብቻ ስለሆነ ለጾመኛ ይስማማል።

ብቻዎን መቀመጥ ሲፈልጉ ወዴት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለመሪው ነግረው፣ ሰፈሩ ከሚታይበት ሳይርቁ ይቀመጡ። ነፋስ ዱካን በደቂቃዎች ያጠፋል። ፊሽካ በአንገት ይንጠልጠል፤ ሦስት ጊዜ መንፋት «ድረሱልኝ» እንዲሆን አስቀድመው ይስማሙ። አቅጣጫ ከጠፋብዎ ባሉበት ይቆዩ፤ የሚፈልግዎ ሰው በቀላሉ የሚያገኝዎ ከቆሙ ነው።

ደረቅ ወንዝ ውስጥ አይደሩ። አሸዋው ለስላሳ፣ ከነፋስም የተከለለ ስለሆነ ያጓጓል፤ ነገር ግን ሩቅ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። ከወንዙ ወለል ከፍ ካለ ቦታ ይተኙ፤ ጠዋት ጫማዎን ከማጥለቅዎ በፊት ገልብጠው ያራግፉት፣ ጊንጥ ሊገባበት ይችላል።