ከዓመታት በኋላ ወደ ጎልፍ ለተመለሳችሁ፦ የአይረን ነገር ለኔ እንዴት እንደተፈታ

ስልሳን አልፌ ወደ ጎልፍ ስመለስ 7 አይረኔ (ራሱ ብረት የሆነ መምቻ ዱላ) ኳሷ ዝቅ ብላ ትሄድበትና አጭር ይቀራል፣ ኳሷ ግሪን (ቀዳዳው ያለበት አጭር ሳር) ላይ ብታርፍ እንኳ አትቆምም ተንከባላ ትወጣለች፣ ማታ ማታ ደሞ ክርኔን ያመኛል። የድሮው ስቲፍ (የማይታጠፍ፣ ደረቅ) ስቲል ሻፍት፣ ማለት የዱላው ዘንግ፣ ብቻውን ወደ 130 ግራም ይመዝናል።

መጀመሪያ ግሪፕ (የዱላውን መያዣ) ቀየርኩ፣ ምንም። ከዛ "ሩቅ ይመታል" የሚባል አዲስ የአይረን ስብስብ ሞከርኩ፣ እሱ ደሞ የ7ቱ ሎፍት (የመምቻው ፊት ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት አንግል) 28 ዲግሪ ነው፣ የድሮዬ 34 ነበር፣ ማለት ቁጥሩ 7 ይበል እንጂ የድሮ 5 አይረን ነው፣ ስዊንጉ ለዘገየ ሰው ኳሷን አያነሳትም።

የሰራው ይሄ ነው፦ ሎንች ሞኒተር (የኳሷን አበራረር የሚለካ መሣሪያ) ያለው ፊተር (ለሰው የሚስማማውን ዱላ የሚመርጥ ባለሙያ) ጋ ሄጄ ርቀቱን ትተን ኳሷ የምትወርድበትን አንግል አየን፣ ወደ 45 ዲግሪ ስትጠጋ ነው ግሪን ላይ የምትይዘው። የመረጥነውም ሲኒየር ፍሌክስ (ለስለስ ያለ፣ የሚታጠፍ) ግራፋይት ሻፍት 60 ግራም አካባቢ፣ ሶሉ (የታችኛው ክፍሉ) ሰፋ ያለ ካቪቲ ባክ (ጀርባው የጎደጎደ አይረን)፣ 7ቱ 31 ዲግሪ። 4 እና 5 አይረን ጭራሽ ወጥተው በሃይብሪድ (ራሱ ወፈር ያለ፣ ኳስ ለማንሳት የሚቀል ዱላ) ተተኩ፣ በተለይ ከረጅም ሳር ውስጥ ልዩነቱ በጣም ትልቅ ነው። ክርኔም ተሻለኝ።

ስትገዙ የፒቺንግ ዌጁን (ለአጭር ምት የሚሆነውን ዱላ) ሎፍት ጠይቁ፣ እሱ 44 ሆኖ ሳንድ ዌጃችሁ 56 ከሆነ መሃል ላይ የ50 ዲግሪ ዌጅ ያስፈልጋችኋል። ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለውም፣ ሻፍቱ ላይ የተጻፈውን ፍሌክስና ግራም አንብባችሁ ግዙ።