የካውንቲ ፍርድ ቤት የወንጀል መዝገብ ሲያወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አገር ቤት እያለን «ከወንጀል ነፃ» የሚለውን ወረቀት ለማውጣት ፌደራል ፖሊስ ሄዶ አሻራ መስጠት ነበር። አንድ መስኮት፣ አንድ ወረቀት፣ አለቀ። አሜሪካ ከመጣን በኋላም ብዙዎቻችን ያንኑ አንድ መስኮት ስንፈልግ እንገኛለን። የለም። እዚህ አገር አብዛኛው የወንጀል ክስ መዝገብ ያለው ክሱ በታየበት ካውንቲ ፍርድ ቤት ነው። ካውንቲዎቹ ደግሞ ከ3,000 በላይ ናቸው።

ወረቀቱ በእኛ ሰው ዘንድ በብዛት የሚፈለገው ለሲቲዝንሺፕ ነው። ለሥራና ለሙያ ላይሰንስም ይጠየቃል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። «እስቲ አብረኸኝ ሂድ» ሲሉኝ አብሬ የምሄድ ሰው ነኝ። የምኖረው ዲሲ አካባቢ ስለሆነ ምሳሌዎቼ በአብዛኛው የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ናቸው። ፍርድ ቤት ስመላለስ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

በሚኖሩበት ካውንቲ መፈለግ

ክስ የሚከፈተው ነገሩ በተፈጸመበት ቦታ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ላይ ከተያዘ መዝገቡ አርሊንግተን ነው ያለው። ይሄ ቀላል ይመስላል። ቨርጂኒያ ላይ ግን ይወሳሰባል። የአሌክሳንድሪያ ከተማ ራሷን የቻለች ናት። በየትኛውም ካውንቲ ሥር አይደለችም፣ ፍርድ ቤትም አላት። ሆኖም የፖስታ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ብዙ ሰፈሮች ያሉት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። አድራሻውን አምኖ ከተማው ፍርድ ቤት ተሰልፎ የሚውል ሰው ብዙ ነው። ፎልስ ቸርችም እንደዚያው ነው።

ቲኬቱ ወይም መጥሪያው ካለዎት የፍርድ ቤቱ ስም እዚያ ላይ ተጽፏል። ከጠፋብዎት የያዘዎትን ፖሊስ ያስታውሱ። መኪናው ላይ የካውንቲው ስም ነበር ወይስ የከተማው? ይሄ ትንሽ ነገር ብዙ ምልልስ ያስቀራል። ዲሲ ላይ ከሆነ ደግሞ ካውንቲ የሚባል ነገር የለም። ጉዳዩ ያለው ኢንዲያና አቬኑ ላይ ባለው ሱፒሪየር ኮርት ነው።

አንድ ፍርድ ቤት አይቶ «የለብኝም» ማለት

አንድ ካውንቲ ውስጥ ከአንድ በላይ ፍርድ ቤት አለ። መዝገባቸውም ለየብቻ ነው። ሜሪላንድ ላይ ቀለል ያሉት ክሶች ዲስትሪክት ኮርት ይታያሉ። ከባዶቹ ሰርኪዩት ኮርት ይሄዳሉ። ተከሳሹ «በጁሪ (ከሕዝብ በተመረጡ ፈራጆች) ይታይልኝ» ካለ ግን ቀላሉም ጉዳይ ወደ ሰርኪዩት ይዛወርና አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። ስለዚህ የዲስትሪክቱን መዝገብ ብቻ የያዘ ሰው ውሳኔ የሌለበት ወረቀት ነው የያዘው። በአዲሱ አሠራር ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በዲ ፊደል ከጀመረ የዲስትሪክት፣ በሲ ከጀመረ የሰርኪዩት ነው።

ቨርጂኒያ ላይ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት አለ፣ ሰርኪዩት ኮርት አለ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የልጆችና የቤተሰብ ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት ነው። ስሙ የልጆች ስለሚመስል ትልቅ ሰው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ያልፈዋል። ባልና ሚስት ተጣልተው ጎረቤት ፖሊስ ከጠራ ግን ክሱ የሚታየው እዚያ ነው። ጄኔራል ዲስትሪክት ላይ ብቻ ስሙን አስገብቶ ምንም ሲያጣ «ተሰርዞልኛል» ብሎ የተረጋጋ ሰው አውቃለሁ። አልተሰረዘለትም።

ሲያትልም ያው ነው። ከተማው ውስጥ የተፈጸመ ቀላል ወንጀል የሲያትል ሙኒሲፓል ኮርት ነው። ከከተማው ውጭ ያለው በአብዛኛው የኪንግ ካውንቲ ዲስትሪክት ኮርት ነው። ከባዱ ሱፒሪየር ኮርት ነው። የፌደራል ክስ ደግሞ ከካውንቲ ጋር አይገናኝም። ፔሰር የሚባል የራሱ ድረ ገጽ አለው፣ በገጽ 10 ሳንቲም ያስከፍላል።

ስምን በአንድ አጻጻፍ ብቻ መፈለግ

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ችግር ከሌላው ይለያል።

አንድ ጋሼ ነበሩ፣ ታክሲ ይነዱ የነበሩ። ከዓመታት በፊት አንድ ምሽት ተይዘው ክሱ ውድቅ ሆኖላቸዋል። ለሲቲዝንሺፕ ወረቀቱ ተፈለገና አብረን ሄድን። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ስማቸውን ጻፈች። የለም። ጋሼ ፊታቸው በራ።

«እሰይ! ጠፍቷል ማለት ነው።»

«አይ ጋሼ፣ አልጠፋም። አላገኙትም።»

መንጃ ፈቃዳቸውን አየሁት። በፓስፖርታቸው ላይ «የቤተሰብ ስም» ተብሎ የተመዘገበው የአባታቸው ስም ነው። መንጃ ፈቃዱ ላይ ግን የአያታቸው ስም በዚያ ቦታ ገብቷል። ያ ፖሊስ ደግሞ የጻፈው ከመንጃ ፈቃዱ ነው። በአያት ስም ሲፈለግ ወዲያው መጣ።

ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ወረቀት ላይ ይጻፏቸው። የአባት ስም መጨረሻ ሆኖ፣ የአያት ስም መጨረሻ ሆኖ፣ የራስዎ ስም መጨረሻ ሆኖ። ቪዛው ላይ የመጀመሪያ ስም የለም ተብሎ «ኤፍ ኤን ዩ» የገባበት ሰው በእሱም ያስፈትሽ። ቀጥሎ ፊደሉ አለ። ጸጋዬ የሚለው ስም አንዱ ጋ በቲና በኤስ ይጀምራል፣ ሌላው ጋ በኤስ ብቻ። ኃይሌ በአይ ይጻፋል፣ በዋይም ይጻፋል። ገብረመድኅን የሚባል ሰው «ገብረ» ተቆርጦ መካከለኛ ስም ይሆንና «መድኅን» ብቻውን ይቀራል። ብዙዎቹ የፍርድ ቤት ድረ ገጾች አንድ ፊደል ከተሳሳተ ዝም ነው የሚሉት። የስሙን የመጀመሪያ ሦስት አራት ፊደላት ብቻ ማስገባት የሚፈቅድ ከሆነ በዚያ ይጀምሩ።

የልደት ቀንም ወጥመድ ነው። ስንቶቻችን ነን ጃንዋሪ 1 የተወለድነው! ሁለት ሰዎች በስምም በልደት ቀንም ሲገጥሙ የአንዱ ክስ ሌላው ላይ ይታያል። የእርስዎ ያልሆነ መዝገብ ከወጣ ዝም ብለው አይቀበሉ። የተያዘበትን አድራሻና ቀን ይመልከቱ። ቀኑን ሲያነቡ ደግሞ እዚህ አገር ወሩ እንደሚቀድም አይርሱ። 05/06 ማለት ሜይ 6 ነው።

ከስልክ ላይ የታተመ ወረቀት ይዞ መሄድ

ሜሪላንድ ኬዝ ሰርች የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አላት። ቨርጂኒያም የራሷ አላት። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ የኬዝ ቁጥር ለማግኘት። ከዚያ በላይ አያገለግሉም። ኢሚግሬሽን የሚፈልገው ሰርቲፋይድ ኮፒ ነው። ይህም የክለርኩ (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ኃላፊ) ፊርማና የፍርድ ቤቱ ማኅተም ያለበት ማለት ነው። ኖተሪ ያረገው ፎቶ ኮፒ አይተካውም። ኖተሪው የሚመሰክረው ስለ ፊርማ ነው እንጂ ስለ ፍርድ ቤቱ መዝገብ አይደለም።

መስኮቱ ላይ ምን እንደሚሉም ይወቁ። «ሪከርዴን ስጡኝ» ካሉ እነሱ የመሰላቸውን ወረቀት ሊሰጡዎት ይችላሉ። «ሰርቲፋይድ ዲስፖዚሽን» ይበሉ። ክሱ በመጨረሻ ምን ሆነ የሚለውን ማለት ነው። ጥፋተኛ ከተባሉ የቅጣቱም ወረቀት አብሮ ይውጣ። ፕሮቤሽን (በገደብ መለቀቅ) ካለ መጨረስዎን የሚያሳየው፣ መቀጫ ካለ መክፈልዎን የሚያሳየው ይጨመር። ዋጋው አያስፈራም። ቨርጂኒያ ሰርኪዩት ኮርት ኮፒው በገጽ 50 ሳንቲም፣ ማረጋገጫው 2 ዶላር ነው።

ጋሼ ወረቀታቸውን ሲቀበሉ ከማኅተሙ ላይ ጣታቸውን አሳለፉ። ወጣ ወጣ ያለ ነው፣ በጣት ይታወቃል። «ይሄ ነው አይደል?» አሉኝ። አዎ፣ ይሄ ነው።

ፍርድ ቤቱን ትቶ ፖሊስ ጋ መሄድ

ፖሊስ ያለው የመያዣ ሪፖርቱ ነው። ፍርዱ እሱ ጋ የለም። ኤፍቢአይ በአሻራ የሚሰጠው ወረቀትም ብዙ ጊዜ የመያዙን ነገር ይዞ ውሳኔውን ይዘላል። አንዳንዱ ደግሞ የመረጃ ነፃነት ሕጉን ጠቅሶ ለፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል። በ1966 የወጣው ያ ሕግ የፌደራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እንጂ ፍርድ ቤቶችን አይመለከትም። ለክለርኩ ቢሮ የራሱን ፎርም መሙላት ይበቃል።

ወረቀቱን ሳያወጡ መዝገቡን ማሰረዝ

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ሰው መልካም አስቦ ራሱን ያስራል።

ሜሪላንድ ላይ ውድቅ የሆነ ክስ በማመልከቻ ይሰረዛል። ኤክስፓንጅመንት ይሉታል። ለሥራ ፍለጋ በጣም ይጠቅማል። የሲቲዝንሺፕ ማመልከቻው ግን በግልጽ የሚለው ሌላ ነው። የተሰረዘም የታሸገም ቢሆን፣ «ሪከርድ የለብህም» የተባሉም ቢሆን፣ መያዝዎን መናገር አለብዎት። ይናገራሉ። የኢሚግሬሽን መኮንኑ «ወረቀቱስ?» ይላል። ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ፍርድ ቤቱ «እንዲህ ያለ ኬዝ የለንም» ይላል። ልክ ነው፣ እርስዎ ነዎት ያስጠፉት! አሻራዎ ሲመረመር ግን መያዝዎ ሊወጣ ይችላል።

ሳያመለክቱም ሊደርስብዎት ይችላል። በሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ወዲህ ሁሉም ክሶቻቸው ውድቅ የሆኑ ወይም በነፃ የተለቀቁባቸው ጉዳዮች ከ3 ዓመት በኋላ በራሳቸው እንዲሰረዙ ሕግ ወጥቷል። ስለዚህ ኬዙ በተዘጋ ሳምንት ሄደው ሰርቲፋይድ ኮፒ ያውጡ። ሁለት ያውጡ፣ አንዱ ቤት ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ይሰረዝ፣ ችግር የለውም። ተሰርዞብዎት ከሆነ ደግሞ የተሰረዘበትን የዳኛውን ትእዛዝ ይፈልጉ፣ ያኔ ለነበረው ጠበቃም ይደውሉ። ጠበቆች ብዙ ጊዜ ፋይላቸውን ቶሎ አይጥሉም።

ወረቀቱን በራስ መተርጎም

«ኖል ፕሮስ» ማለት ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ተወው ማለት ነው። «ስቴት» የሚል ካዩ ክፍለ ሀገሩን አይደለም። ክሱ ተንጠልጥሎ ተቀምጧል ማለት ነው። ዋናው አደገኛ ቃል ግን «ፒ ቢ ጄ» የሚሉት ነው። ከፍርድ በፊት ፕሮቤሽን ማለት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ጥፋተኛ እንደተባሉ አይቆጠርም። ብዙ ሰው «ዳኛው ለቀቀኝ» የሚለው ይሄንን ነው። በ1996 በተሻሻለው የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ጥፋቱን አምኖ አንድ ዓይነት ቅጣት ወይም ገደብ የተጣለበት ሰው ብዙውን ጊዜ እንደ ጥፋተኛ ይቆጠራል። ሁለት ሕግ፣ ሁለት ዓይን። ወረቀቱ ላይ ይሄ ቃል ካለ ማመልከቻውን ከመላክዎ በፊት ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳዩ። የትራፊክ ጠበቃው አይበቃም።

ለማይረባ ድረ ገጽ ገንዘብ መክፈል

ጉግል ላይ ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚመጡት የግል ድርጅቶች ናቸው። 20፣ 30 ዶላር ያስከፍሉና ያረጀ ነገር ይሰጡዎታል። ማኅተምም የላቸውም። የሥራ ቀጣሪ ያስመረመረው ባክግራውንድ ቼክ ላይ ስህተት ካዩ ግን መብት አለዎት። ኮፒውን ይጠይቁ፣ ስህተቱን በጽሑፍ ያስታውቁ። መርማሪው ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ እንደገና ማጣራት አለበት። የፍርድ ቤቱ ሰርቲፋይድ ኮፒ አብሮ ከተላከ ነገሩ ያጥራል።

«ሲፈለግ አወጣዋለሁ» ማለት

መዝገብ ዕድሜ አለው። የቨርጂኒያ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርቶች የአብዛኛውን ቀላል ወንጀልና ትራፊክ ወረቀት የሚያቆዩት 10 ዓመት ነው። ከዚያ ይወገዳል። ጊዜው ያለፈበት ሰው ግን ባዶ እጁን አይመለስ። ፍርድ ቤቱ «መዝገቡ ተወግዷል» ወይም «በዚህ ስም አልተገኘም» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይስጠው። ለመኮንኑ እሱም ወረቀት ነው። ደብዳቤው ላይ የተፈለገበት ስም፣ የልደት ቀንና ዓመታቱ መጻፋቸውን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመው ያረጋግጡ። በተሳሳተ ስም ተፈልጎ «የለም» የተባለበት ደብዳቤ ይዞ ቃለ መጠይቅ የገባ ሰው አይቻለሁ። ሲመለስ ቀጥታ ያመራው ወደዚያው መስኮት ነበር።