ሴት መሪ የተዳከመ ፓርቲ ስትረከብ፦ የውስጥ የመሪነት ውድድርን እንዴት መመዘን ይቻላል?

በምርጫ ክፉኛ የተሸነፈ ወይም በውስጥ ሽኩቻ የታመሰ ፓርቲ ሴት መሪ ሲመርጥ፣ በማግስቱ የሚወጣው ዜና አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው «የመጀመሪያዋ ሴት» ወይም «ሁለተኛዋ ሴት» በመሆናቸው ላይ ነው። አዲሷ መሪ በወንበራቸው ላይ ምን ያህል ሊቆዩ እንደሚችሉ ለማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ ግን ይህ ዜና ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅሙት የፓርቲው ደንብ፣ የየዙሩ የድምፅ ቆጠራና መሪን ለማውረድ የሚጠየቀው ድጋፍ ሲሆኑ፣ እነዚህም በብዙ አገሮች በይፋ ስለሚወጡ ማንም ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ሊመዝናቸው ይችላል። እዚህ ላይ ዋና ምሳሌ የምናደርገው የብሪታንያን ወግ አጥባቂ ፓርቲ ነው፤ ማርጋሬት ታቸር፣ ቴሬዛ ሜይ፣ ሊዝ ትረስና ኬሚ ባድኖክ በየተራ መርተውታል፣ የውድድሮቹም አኃዝ በዝርዝር ይታወቃል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ውድድሩ ለምን እንደተጠራ ይለዩ

ታቸር በ1975 የተወዳደሩት በወቅቱ የፓርቲው መሪ የነበሩት ኤድዋርድ ሂዝ በ1974 ሁለት ምርጫዎችን ከተሸነፉ በኋላ ነበር። ባድኖክ በ2024 የተረከቡት ደግሞ 121 የምክር ቤት መቀመጫ ብቻ ይዞ የቀረ ፓርቲ ነው። ሁለቱም የያዙት የተቃዋሚ መሪነትን ስለሆነ፣ ቀጣዩ አገር አቀፍ ምርጫ እስኪደርስ ድረስ ፓርቲውን መልሶ የማደራጀት ዕድል ነበራቸው። ሜይና ትረስ ግን ፓርቲው መንግሥት እየመራ ሳለ በመመረጣቸው ወዲያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ትረስ በ2022 ያቀረቡት የግብር ቅነሳ ዕቅድ የገንዘብ ገበያውን ሲያናውጠው፣ ስህተቱን የሚያርሙበት ፋታ አላገኙም፤ በጠቅላይ ሚኒስትርነት የቆዩትም 49 ቀናት ብቻ ነው።

2. ድምፅ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ከደንቡ ይፈልጉ

በታቸር ዘመን መሪውን የሚመርጡት የፓርቲው የምክር ቤት አባላት ብቻ ነበሩ። ከ1998 ወዲህ ባለው ደንብ የምክር ቤት አባላቱ ዕጩዎችን በየዙሩ እያጣሩ ሁለት ብቻ ያስቀራሉ፤ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጡት በመላ አገሪቱ ያሉ መዋጮ ከፋይ አባላት ናቸው።

3. የሁለቱን መራጮች ድምፅ በሁለት ዓምድ ለይተው ይጻፉ

ከሁሉም እርምጃዎች የላቀ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አባላት የሚመርጧትን መሪ በየቀኑ የሚደግፏት ወይም የሚያዳክሟት የምክር ቤት አባላቱ ናቸው። ትረስ በአባላት ድምፅ ሪሺ ሱናክን 81,326 ለ60,399 አሸንፈዋል። በሌላው ዓምድ ያለው ግን የተለየ ነው፤ በምክር ቤት አባላቱ የመጨረሻ ዙር ሱናክ 137፣ ትረስ 113፣ ፔኒ ሞርዳንት 105 ድምፅ አግኝተው ነበር። ከሦስት የምክር ቤት አባላት ሁለቱ ያልመረጧቸው መሪ ችግር ሲመጣ ጠበቃ ማጣታቸው ሊያስደንቀን አይገባም።

የባድኖክ ዓምዶችም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሳሉ። አባላት 53,806 ለ41,388 በሆነ ድምፅ ከሮበርት ጄንሪክ ይልቅ እርሳቸውን መርጠዋል፤ በምክር ቤት አባላቱ የመጨረሻ ዙር ግን ባድኖክ 42፣ ጄንሪክ 41፣ ጄምስ ክሌቨርሊ 37 ነበር ያገኙት። ከዚህ በፊት በነበረው ዙር ደግሞ ክሌቨርሊ በ39 ድምፅ ሲመሩ ባድኖክ በ30 ሦስተኛ ነበሩ። በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ድምፅ የሚዘዋወረው የምክር ቤት አባላቱ ለሚወዱት ሳይሆን ሊያስቀሩት ለሚፈልጉት ሰው ሲያሰሉም ጭምር ስለሆነ፣ የመጨረሻውን ዙር ከቀዳሚው ጋር አስተያይቶ ማንበብ ያስፈልጋል።

4. በመጀመሪያው ዙር ያልተወዳደሩትን ይቁጠሩ

በ1975 የመጀመሪያ ዙር ታቸር 130፣ ሂዝ 119፣ ሂዩ ፍሬዘር 16 ድምፅ አገኙ። ለሂዝ ታማኝ የነበሩት ዊልያም ኋይትሎ ወደ ውድድሩ የገቡት ሂዝ ከወጡ በኋላ በሁለተኛው ዙር ሲሆን፣ ያኔ ታቸር 146 ለ79 በልጠዋቸዋል። ታማኝነት ያስከፈላቸው ዋጋ የመሪነቱን ወንበር ነው ማለት ይቻላል፤ አንጋፎቹ ሲያመነቱ ቀድማ የደፈረች ሴት ዕድሉን ያገኘችበት ውድድር ነበር። በ2016 ደግሞ ተፎካካሪያቸው አንድሪያ ሌድሰም ራሳቸውን ስላገለሉ ሜይ ያለ አባላት ድምፅ መሪ ሆኑ።

5. መሪን የማውረጃውን ደንብ ይመልከቱ

ታቸር በ1990 ማይክል ሄሰልታይንን 204 ለ152 በልጠው ሳለ፣ ደንቡ የሚጠይቀውን የ15 በመቶ ብልጫ በ4 ድምፅ በማጣታቸው ከሁለት ቀን በኋላ ከውድድሩ ወጡ። ሜይ በታኅሣሥ 2018 የመተማመኛ ድምፁን 200 ለ117 አሸንፈው በደንቡ መሠረት ለአንድ ዓመት ከተመሳሳይ ፈተና ተጠብቀው ነበር፤ ሆኖም በግንቦት 2019 እንደሚለቁ አስታወቁ። ደንቡ የጊዜ ዋስትና ይሰጣል እንጂ ተቃውሞውን አያስቆመውም።

6. ከወንዶቹና ከሌላ አገር ጋር ያነጻጽሩ

አንዲት ሴት መሪ ስትወድቅ ምክንያቱን ከሴትነቷ ጋር ከማያያዝ በፊት፣ ፓርቲው ወንዶቹን እንዴት እንደያዘ ማየት ተገቢ ነው። ይኸው ፓርቲ በተቃዋሚነት ሳለ ኢያን ደንከን ስሚዝን በ2003 በ90 ለ75 ድምፅ አውርዷል። ከሌላ አገር ደግሞ የጀርመኑ የክርስቲያን ዴሞክራቶች ፓርቲ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። አንጌላ ሜርክል በ2000 የተመረጡት ፓርቲው በሕገወጥ የገንዘብ ልገሳ ቅሌት ከተናወጠ በኋላ ሲሆን፣ በኤሰን ጉባኤ ከ935 ድምፅ 897ቱን አግኝተዋል። እንዲህ ያለ ድጋፍ ይዘው እንኳ በ2002 የመራሔ መንግሥትነት ዕጩነቱን ለኤድመንድ ሽቶይበር ለቀዋል፤ እኔ እንደማየው ከድምፅ ቁጥሩ እኩል ያቆያቸው ይህ ትዕግሥት ነው። ተተኪያቸው አነግሬት ክራምፕ ካረንባወር በ2018 ፍሬድሪክ ሜርዝን ያሸነፉት 517 ለ482 በሆነ ጠባብ ልዩነት ሲሆን፣ በየካቲት 2020 ከመሪነት እንደሚለቁ አስታውቀዋል።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ድምፅ በሚቆጠርበትና ቆጠራውም በይፋ በሚወጣበት ፓርቲ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ በ2008 የአንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን በሊቀመንበርነት የመሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በዚያው ዓመት መጨረሻ ታስረው እስከ 2010 በእስር በመቆየታቸው፣ የመሪነታቸውን ዕድሜ የወሰነው የፓርቲው የውስጥ ድምፅ አልነበረም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ከድምፅ ዓምዶቹ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጉባኤውን የሚጠራው ማን እንደሆነ፣ መሪዋ በሌሉበት የሚተኳቸው በየትኛው አንቀጽ እንደሆነና ፓርቲው ያለ እርሳቸው ስብሰባ ማካሄድ መቻሉ ነው።