ገመዱ ተሰክቶ መሣሪያው ሲያስቸግር፦ የዩኤስቢ ሲ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ስልኩን፣ ሞኒተሩን፣ ውጫዊ ድራይቩንና ማውዙን ከላፕቶፑ ጋር ሲያገናኝና ሲያላቅቅ ስለሚውል፣ አንዱ እምቢ ባለው ቁጥር እጁ የሚሄደው ወደ ኮዱ ወይም ወደ ሴቲንጉ ነው። እኔ ግን ከገመዱ እንዲጀመር አጥብቄ እመክራለሁ። ከ2014 ጀምሮ የምናውቀው ዩኤስቢ ሲ የመሰኪያ ቅርጽ ስም እንጂ የአቅም መለኪያ አይደለም፤ በገመዱ ውስጥ ምን ምን ሽቦ እንዳለ፣ ምን ያህል ኃይል እንደሚችልና ዳታ በምን ፍጥነት እንደሚያስተላልፍ ከውጭ ታይቶ አይታወቅም። ሲፈትሹም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ገመዱን፣ ቻርጀሩንና ሴቲንጉን በአንድ ላይ ከቀየሩ ችግሩ ቢፈታ እንኳ የትኛው እንደፈታው ስለማይታወቅ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ገመድ ነው። እንዲህ ያለው ገመድ የኃይል ሽቦዎቹን ይዞ የዳታ ሽቦዎቹን የተወ በመሆኑ፣ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር መሰካቱን እንኳ አያውቅም። ፋይል አስተላልፎ በሚያውቅ ሌላ ገመድ ይሞክሩ፤ ከሠራ የቀደመውን ገመድ ከሥራ ጠረጴዛው ያርቁት።

ገመዱ ደህና ከሆነ ወደ ስልኩ ይመለሱ። አንድሮይድ ስልክ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ በአብዛኛው ቻርጅ ማድረግን ብቻ ስለሚመርጥ፣ የስክሪኑን ቁልፍ ከፍተው ከላይ ከሚመጣው ማሳወቂያ ላይ ፋይል ማስተላለፍ የሚለውን ይምረጡ። አፕሊኬሽን ለመሞከር የሚያገናኝ ሰው ደግሞ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የቢልድ ቁጥር 7 ጊዜ በመንካት የአበልጻጊዎችን ምርጫ ማሳየት፣ ከዚያም ኮምፒውተሩ በስልኩ ላይ አፕሊኬሽን እንዲሞክር የሚፈቅደውን የዩኤስቢ ዲበጊንግ ማብራት አለበት። ኮምፒውተሩ ከአንድሮይድ ስልክ ጋር በሚነጋገርበት በኤዲቢ መሣሪያ ዝርዝር ውስጥ ስልኩ ፈቃድ እንዳልተሰጠው ሆኖ ከታየ ይህ መልካም ዜና ነው፤ የዳታ ሽቦዎቹ እየሠሩ ናቸው፣ የቀረው በስልኩ ስክሪን ላይ ፈቃድ የሚጠይቀውን መልእክት መቀበል ብቻ ነው። መልእክቱ ካልመጣ ቀድሞ የተሰጡትን የዲበጊንግ ፈቃዶች ሰርዘው፣ ስልኩን ነቅለው፣ ስክሪኑን እንደከፈቱ መልሰው ይሰኩት።

በድሮው ገመድ ይሞላል፣ በዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ግን አይነሣም

ይህ ችግር በጠረጴዛ መብራት፣ በጆሮ ማዳመጫ መያዣ፣ በገመድ አልባ ኪቦርድና በመሳሰሉት ትናንሽ ዕቃዎች ላይ ይታያል። ሁለቱም ጫፎቹ ዩኤስቢ ሲ በሆኑ ገመድ ሲያገናኙት መብራቱ እንኳ ብልጭ አይልም፤ አንዱ ጫፍ ሰፊው የድሮ መሰኪያ በሆነ ገመድ ሲያገናኙት ግን ወዲያውኑ መሙላት ይጀምራል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቻርጀሩ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ያም አይሠራለትም።

ጥፋቱ ያለው ዕቃው ውስጥ ነው። ሰፊው መሰኪያ ምንም ሳይጠይቅ ሁልጊዜ 5 ቮልት ይሰጣል። የዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ግን በወዲያኛው ጫፍ ኃይል ፈላጊ መኖሩን ሳያረጋግጥ ኃይል አይለቅም። ይህንንም የሚያረጋግጠው ሲሲ በሚባሉት ሁለት መስመሮች ላይ መኖር ያለባቸውን ባለ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድቡ ትናንሽ ክፍሎች) በመፈለግ ነው። አምራቹ እነዚህን ሬዚስተሮች ካላስቀመጠ ቻርጀሩ ለዘላለም ይጠብቃል። ዋጋቸው እዚህ ግባ የማይባል ክፍሎችን ትቶ ችግሩን ለገዢው ማስተላለፍ በእኔ እምነት ይቅር የሚባል ቸልተኝነት አይደለም። ዕቃው መመለስ የሚቻል ከሆነ ይመልሱት፤ ካልሆነም አንዱ ጫፍ ሰፊ የሆነ ገመድና ለዚያ የሚሆን ቀዳዳ ያለው ቻርጀር ይዘው ይቆዩ።

ሬዚስተሩ ኖሮም አሠራሩ ሊሳሳት ይችላል። በ2019 የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለው በአንድ ቦርድ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር በመጀመሪያ እትሙ ለሁለቱ መስመሮች አንድ ሬዚስተር ብቻ በጋራ ስለተሰጠው፣ መለያ ቺፕ (የገመዱን አቅም የሚያሳውቅ ትንሽ ቺፕ) ባለው ገመድ ሲገናኝ ቻርጀሩ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለ የድምፅ መሣሪያ የተሰካ መስሎት ኃይል ይከለክለው ነበር። በኋላ በተሻሻለው ቦርድ ላይ ታርሟል፤ የመጀመሪያው እትም በእጁ ያለ ሰው መለያ ቺፕ የሌለው ተራ ገመድ ቢጠቀም ይነሣለታል።

ላፕቶፑ ተሰክቶ ሳለ ባትሪው ይቀንሳል

ከባድ ኮድ ኮምፓይል በሚደረግበት ጊዜ ባትሪው ከወረደ ላፕቶፑ ከሚቀበለው በላይ እየበላ ነው። መለያ ቺፕ የሌለው ገመድ ከ3 አምፔር በላይ እንዲያሳልፍ አይፈቀድለትም፤ ይህም በ20 ቮልት 60 ዋት ማለት ነው። ቻርጀሩ 100 ዋት ቢሆንም ገመዱ ለ5 አምፔር ካልተሠራ ትርፉን አያገኙትም። ስለዚህ 100 ወይም 240 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ገመድ ይጠቀሙ። ብዙ ቀዳዳ ያለው ቻርጀር ከሆነም ስልኩንና ሌላውን ዕቃ ነቅለው ይዩ፤ የተጻፈው ዋት ለሁሉም ቀዳዳዎች የሚከፋፈል ነው።

ድራይቩ ሲሰካ ማውዙ ይንቀጠቀጣል

ትልቅ ፋይል እየተገለበጠ ሳለ ቀስቱ ስክሪኑ ላይ እየቆመ ይዘላል፣ የብሉቱዝ ድምፅ ይቆራረጣል፣ ዋይፋዩም ይዳከማል፤ ድራይቩ ሲነቀል ሁሉም ይስተካከላል። ድራይቨር መቀየርና ማውዙን ደጋግሞ ማጥፋት እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። በሴኮንድ 5 ጊጋ ቢት የሚያስተላልፈው ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ ከገመዱና ከመሰኪያው የሚወጣው የሬዲዮ ጫጫታ እስከ 2.4 ጊጋ ኸርትዝ ድረስ ይዘልቃል። ገመድ አልባው ማውዝ፣ ብሉቱዝና ብዙው ዋይፋይ ደግሞ የሚነጋገሩት በዚያው ሞገድ ላይ ነው። ኢንቴል ይህን በ2012 ባወጣው ጽሑፍ በዝርዝር አስረድቷል።

መፍትሔው ርቀት ነው። የማውዙን መቀበያ ከድራይቩ ጎን ነቅለው ወደ ላፕቶፑ ሌላኛው ጎን ያዛውሩት፤ ሌላ ቀዳዳ ከሌለ በአጭር ማራዘሚያ ገመድ አርቀው ወደ ማውዙ ያስጠጉት። ዋይፋዩን ወደ 5 ጊጋ ኸርትዝ ያዙሩ። ይህ ካልበቃ የድራይቩን ገመድ በደንብ በተሸፈነ ገመድ ይተኩ።

ፈጣኑ ድራይቭ ይዘገያል፣ ሞኒተሩ ይጎተታል

የቅጂው ፍጥነት በሴኮንድ 40 ሜጋ ባይት አካባቢ ላይ ከቆመ ግንኙነቱ በዩኤስቢ 2.0 ነው፤ የዚህ መስመር ጣሪያ 480 ሜጋ ቢት በመሆኑ 50 ጊጋ ባይት ለመገልበጥ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከስልክ ጋር የሚመጡ ብዙ ገመዶች የዚህ ዓይነት ናቸው። ከድራይቩ ጋር የመጣውን ገመድ ይጠቀሙ፣ በየገመዱም ጫፍ ላይ አቅሙን ጽፈው ይለጥፉ።

በሃብ (አንዱን ቀዳዳ ወደ ብዙ በሚያበዛ ማገናኛ) በኩል የተገናኘ 4ኬ ሞኒተር ላይ ማውዙ ሲጎተት ከታየ የስክሪኑን የማደሻ ፍጥነት ይመልከቱ። 30 ኸርትዝ ከሆነ የሃብዎ ኤችዲኤምአይ (የሞኒተሩ ገመድ የሚሰካበት የምስል መስመር) ምናልባት 1.4 ነው፤ 60 ለማግኘት 2.0 ያስፈልጋል። ጭራሽ ምስል ካልመጣ ግን የላፕቶፑን መመሪያ ያንብቡ፤ ሁሉም የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ምስል አያወጣም፣ የማያወጣውንም ምንም ዓይነት ሴቲንግ አይከፍተውም።